አሥራ አራት ግራም

አያቴ እንደሻው በየቀኑ ጠዋት፣ ፀሐይ ከከተማው ቅጥር፣ ከፈላና በር ግንብ በላይ ብቅ ስትል፣ የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አንዲት የአንድ ኪሎ የናስ መመዘኛ ይወለውሉ ነበር። ሎሚ በቢላ ለሁለት ይከፍላሉ፤ ግማሹን የተነፋ አመድ ውስጥ ይነክራሉ፤ መጀመሪያ ጎኗን፣ ቀጥሎ ሥሯን፣ በመጨረሻ አናቷን ያሻሉ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጓትና በደረቅ ጨርቅ ያደርቋታል። ጣታቸው ሳይነካት በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ክዳን ባለው የእንጨት ሣጥኗ ውስጥ ያስቀምጧታል። ሥራው አንድ ብርጭቆ ሻይ ከመጠጣት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ይህን ለሃምሳ ሁለት ዓመት አድርገውታል። በፈቃዳቸው የሚያርፉት እሑድንና የስቅለትን ዕለት ብቻ ነበር።

ኪሎዋን «እናቲቱ» ይሏታል። በጊደር መጋላ ገበያ የሚሠራባቸው የብረት የሚዛን ድንጋዮች ሁሉ ልካቸውን የወሰዱት ከእሷ ነው። የአያቴ ሙያ ሚዛን ማስተካከል ነበር። ቅመም ሻጩም እህል ነጋዴውም አዲስ ድንጋይ ሲገዛ፣ ወይም የቆየው ሲያጠራጥረው፣ ወደ እሳቸው ይዞ ይመጣል። የብረት ድንጋይ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በእርሳስ ይሞላል። አያቴ እናቲቱን በአንዱ ሳህን፣ የመጣውን ድንጋይ በሌላው ያስቀምጣሉ። ብረቱ ቀለል ካለ እርሳስ አቅልጠው ይጨምሩበታል፤ ከከበደ በመሰርሰሪያ ይቀንሱለታል። ከዚያ ሳህኖቹን አቀያይረው ደግመው ይመዝናሉ። ሁለቱ እኩል ሲቆሙ እርሳሱ ላይ «እ» የምትል ትንሽ ማኅተም በመዶሻ ይመታሉ። ያቺ ፊደል ያለችበትን ድንጋይ ይዞ የተከራከረ ሰው በገበያው አይታወቅም።

ቤተሰባችን የወታደርና የጸሐፊ ቤተሰብ ነው። የአያቴ አያት ከሸዋ ጠመንጃ ተሸክመው የመጡ ናቸው፤ የአያቴ አባት ደግሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ነበሩ። ከእነሱ መካከል በእሳትና በብረት እንጀራውን ያበሰለ ሰው አልነበረም። አያቴ እርሳስ ማቅለጥ ሲጀምሩ አባታቸው «ቀጥቃጭ ሆንክልኝ» አሏቸው፤ እስኪሞቱም ድረስ የልጃቸውን የሥራ ቦታ አልረገጡም። አያቴ ይህን ሲያወሩ ቅሬታ አይታይባቸውም ነበር። ነገር ግን ሙያው የተናቀ መሆኑን ስለሚያውቁ ከሥራቸው አንዲት ፍንጣሪ እንዳይጎድል የሚጠነቀቁት ከሌላው ሰው አብልጠው ነበር።

ሙያውን ያስተማሯቸው ከየመን የመጡ አንድ የሸቀጥ ነጋዴ ናቸው። ሰውዬው በ1963 ዓ.ም. ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እናቲቱን ከነሣጥኗ ለአያቴ ሰጧቸው። ያኔ ጎኗ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበራት። ነጋዴው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቋቸው፦ ቆሻሻ ራሱ ክብደት ነውና ንጽሕናዋን ጠብቅ አሏቸው። እሳቸው ራሳቸው በደረቅ ጨርቅ ነበር የሚጠርጓት። ሎሚውንና አመዱን የጨመሩት አያቴ ናቸው። ልጅ ሆነው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ዲያቆናቱ ለበዓል ጽናውንና መስቀሉን በሎሚና በአመድ ሲያሹ አይተዋል፤ የከበረ ነገር የሚጸዳው እንዲያ ነው ብለው ያዙ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን መስቀሉን የሚወለውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር።

ስለ እሳቸው በከተማው ደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1971 ዓ.ም. የአንድ ቀበሌ ሱቅ ኃላፊ የስኳር መመዘኛውን ድንጋዮች ይዞ መጣና ከእያንዳንዱ ኪሎ ሃምሳ ግራም እንዲቀንሱለት በጨዋ ቋንቋ ጠየቃቸው። እሳቸውም በጨዋ ቋንቋ እንደማይችሉ ነገሩት። በማግስቱ ተወስደው አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። ሲፈቱ በቀጥታ ወደ ቤት አልመጡም፤ ጊደር መጋላ ገብተው ካቆሙበት ድንጋይ ቀጠሉ። ባለቤታቸው በለጡ፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ መፈታታቸውን የሰሙት ከጎረቤት ነው። «ሚስትህ ሚዛን ናት ወይስ እኔ?» ብለው ለሦስት ቀን አኮረፏቸው።

በገበያው ሁለት ሰዎች ለአያቴ ቅርብ ነበሩ። አንደኛዋ ዋፊቃ የምትባል የሐረሪ ሴት ናት። ሕልባት የሚሉትን አብሽ፣ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች። አያቴን በወገኖቿ የአክብሮት አጠራር «አው እንደሻው» ትላቸዋለች። ዋፊቃ መዝና ከጨረሰች በኋላ ሁልጊዜ በአምስት ጣቶቿ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ምራቂ ትጨምራለች። አያቴ ይህን አይወዱትም ነበር። ሚዛኑ እኩል ከቆመ በኋላ መጨመር ሚዛኑን ሐሰተኛ ነህ እንደ ማለት ነው ይሏታል።

«አው እንደሻው፣» ትላቸዋለች እሷ፣ «ሚዛኑ የእርስዎ ነው። ምራቂው የእኔ ነው። በየቤታችን እንደር።»

ሁለተኛው እህልና ስኳር ነጋዴው ደምሴ ነበር። ደምሴ ምራቂ የሚባል ነገር አያውቅም። ሳህኑ ዝቅ ካለ በሁለት ጣቱ ጥቂት ፍሬ ያነሳል፤ ከፍ ካለ ያንኑ ይመልሳል። የሚዛኑ ምላስ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ደንበኛው ይጠብቃል። አያቴ መመዘን ማየት የሚፈልግ ሰው ሲያገኙ ወደ ደምሴ ሱቅ ይልኩት ነበር።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደምሴ በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል ሚዛን ገዛ። ለመሞከር ከቆዩት ድንጋዮቹ አንዱን አስቀመጠበት። ማሽኑ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ግራም አለ። ሌላ ኪሎ አስቀመጠ፤ ያው ሆነ። ደምሴ ማሽኑን አቅፎ አያቴ ዘንድ መጣ። አያቴ ሳቁ። ዕቃው በመንገድ ተንገላቶ ታሞ ይሆናል አሉ። እናቲቱን አውጥተው አስቀመጡለት። ማሽኑ ለእሷም ያንኑ ቁጥር ሰጣት። እዚያ የቆሙት ሁሉ አዩ።

ያን ቀን ማታ ሣጥኑን ለእኔ ሰጡኝ። ከከተማው ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ፣ እዚያ ካለው ትክክለኛ ሚዛን ላይ አስመዝኜ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዳመጣላቸው ፈለጉ። ወረቀቱን የደምሴ ማሽን ግንባር ላይ እለጥፈዋለሁ አሉ።

«ፊደል ከቆጠረ ያፍር ይሆናል፣ ዮዲ።»

የላቦራቶሪያችን ሚዛን የግራምን አንድ አሥረኛ ይለያል። በመፈተሻ ድንጋዩ አስተካከልኩትና እናቲቱን በጨርቅ ይዤ አስቀመጥኳት። 985.8 አለ። አጥፍቼ አበራሁት። 985.8። ለሦስተኛ ጊዜ ከመዘንኳት በኋላ ወደ መስኮቱ ወስጄ አየኋት። ጎኗ እንደ መስታወት ለስልሷል። ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ላይ በጥፍር ሲነካ ብቻ የሚታወቅ አንድ ጭረት ቀርቷል።

ሁለት ቀን ሣጥኑን ከቢሮዬ አላወጣሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አያቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ሎሚ ከፍለው፣ ባዶ እጃቸውን እየጠበቁኝ አገኘኋቸው።

«ስንት አለ?»

«ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት ነጥብ ስምንት።»

«የእናንተም ተበላሽቷል ማለት ነው።»

ሣጥኗን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ፊቴን አዩና ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ጓሯችን ውስጥ የውሃ በርሜል አለ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ የተጠራቀመው ውሃ ላይ አቧራ እንዳይገባ ክዳኑ በአንድ የብረት ኪሎ ይጫናል። ድንጋዩ አያቴ በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ ማኅተም የመቱበት ነው። ባለቤቱ በዚያው ዓመት ማንጠልጠያው ተሰንጥቆበት መለሰላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከበርሜሉ ክዳን ወርዶ አያውቅም። አያቴ ዝገቱን በብሩሽ አራገፉለት፤ ሚዛኑን አውጥተው ብረቱን በአንዱ ሳህን፣ እናቲቱን በሌላው አስቀመጡ። የብረቱ ሳህን ወረደ። አቀያየሩ። አሁንም የብረቱ ሳህን ወረደ።

ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ግማሽ ሎሚ አዩት። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገብተው ከአልጋቸው ሥር አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው ተሸክመው አወጡ። ውስጡ ባለፉት ዓመታት ከድንጋዮች የሰረሰሩት የእርሳስ ፍርፋሪ ነበር፤ ሊሞላ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል።

«ለምን ከብደው እንደሚመጡ ይገርመኝ ነበር፣» አሉ።

ያልገባኝን እሳቸው አስረዱኝ። ድንጋይ በእጅ ሲነካካ፣ ሲወድቅ፣ ሲፋተግ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እሳቸው ደግሞ እያንዳንዱን ድንጋይ በዓመት አንድ ጊዜ እየጠሩ ይፈትሹ ነበር። በየዓመቱም ድንጋዮቹ ሁሉ ፀጉር ታህል ከብደው ይገኛሉ። ቅባት ነው ብለው በሳሙና አጠቡ፤ ዝገት ነው ብለው ቦረሹ፤ አሁንም ሲከብዱባቸው ሰረሰሩ። ከበዱ የተባሉት ድንጋዮች አልከበዱም፤ የቀለለችው እናቲቱ ነበረች። እሷ በየጠዋቱ በሎሚና በአመድ ስትከሳ ገበያውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ተከትለው አከሱት።

ሴት አያቴ በለጡ ከበር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። አሥራ አራት ግራም ከስኳር ማንኪያ አይበልጥም፣ ማን ያውቀዋል አሉ። አያቴ ወደ እኔ ዞረው በኩንታል አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ ሃምሳ ግራም አልቀንስም ብለው የታሰሩበትን የቀበሌ ሱቅ አነሱ፤ ያ ሱቅ ቢፈርስም ስኳር ሲገዙበት የነበሩት ሰዎች ከሌላ ቦታ በእሳቸው ድንጋይ ሲገዙ እንደኖሩ ተናገሩ። ድምፃቸው አልተለወጠም። እናቲቱን ሣጥኗ ውስጥ ከተው ክዳኑን ዘጉ። ከዚያ ቀን በኋላ አልወለወሏትም።

ማኅተማቸው ያለባቸው ድንጋዮች ከአራት መቶ አያንሱም። አያቴ ያን ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከመሞታቸው በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ ሰብስበው፣ የወሰዱበትን እርሳስ መልሰው ሊሞሉለት ወሰኑ። የበርሜሉን ብረት ላቦራቶሪ ወስጄ መዘንኩት፤ አንድ ሺህ ነጥብ አራት ግራም ሆነ። አዲሷ እናት እሱ ሆነ። ቆርቆሮው ባዶ የሆነ ቀን ሥራው ያልቃል።

መጀመሪያ የሄዱት ዋፊቃ ዘንድ ነው። እኔ ሚዛኑን ተሸክሜ አብሬያቸው ነበርኩ። ገዢዎቿ እስኪሄዱ ጠበቁና ቆመው ነገሯት። ከእናቷ የተረከበችውን ኪሎ ከሳህኑ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በዚህ ድንጋይ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደሸጠች፣ ለጎደለው አላህ የሚጠይቃት እሷን እንደሆነ፣ ከገዢዎቿም ግማሹ እንደሞቱ ተናገረች። ቀጥላ ከሕልባቱ ጆንያ እንደ ልማዷ በጣቶቿ ጫፍ ቆነጠረችና ባዶው ሳህን ላይ ጣለችው።

«ይመዝኑልኝ፣ አው እንደሻው።»

አያቴ ትንንሾቹን ድንጋዮች አውጥተው መዘኑ። አሥራ ስድስት ግራም ነበር። ደግማ ቆነጠረች፤ አሥራ አምስት። ለሦስተኛ ጊዜ አሥራ ስድስት ሆነ። ዋፊቃ «አልሐምዱሊላህ» ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አያቴ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነቅፉት የኖሩት ምራቂ ብቻ ነበር ሚዛናቸውን እውነተኛ ያደረገው። ምራቂ ያልነበረው፣ ጥቂት ፍሬ እያነሳ ምላሱን ቀጥ የሚያደርገው ደምሴ ግን ሁልጊዜ አጉድሎ ሰጥቷል። ሰውም መመዘን እንዲያይ የላኩት እሱ ዘንድ ነበር።

ከጥር እስከ ሚያዝያ አርባ ሦስት ድንጋዮችን አስተካከሉ። ሥራው ቀላል አልነበረም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የቀለጠው እርሳስ ሁለት ጊዜ አውራ ጣታቸውን አቃጥሏቸዋል። አንዳንዱ ነጋዴ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፋቸው። ሌላው፣ ነገሩ ከተሰማ ገዢ ይሸሻል ብሎ በሹክሹክታ ለመናቸው። የገበያውን አስተባባሪዎች አንድ ቀን ብቻ እንዲሰጧቸው፣ በዚያ ቀን ሁሉም ድንጋዩን አውጥቶ አንድ ቦታ እንዲያመጣ ጠየቁ። እነሱ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ወደ ዲጂታል ሚዛን ስለሚዞር ገበያውን አሁን ማወክ አያስፈልግም ብለው በአክብሮት ሸኟቸው።

እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብኩላቸው። የተስተካከሉት ካልተስተካከሉት እንዲለዩ ሁለተኛ ማኅተም ይምቱባቸው አልኳቸው። በዚህ አልተስማሙም።

«ሁለተኛ ማኅተም ከመታሁ የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለት ነው።»

ነበር እኮ፣ አባባ፣ ለማለት አፌን ከፍቼ ተውኩት። በእርሳሱ ላይ ያችኑ «እ» መልሰው መቱ። ከዕለቱ ጀምሮ በጊደር መጋላ ሁለት ዓይነት ኪሎ ነበር፤ የሁለቱም ማኅተም ግን አንድ ዓይነት ነበር።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ አያቴ በደምሴ ሱቅ በኩል አለፉ። ደምሴ ከኪሎዎቹ ሁለቱን አምጥቶ አስተካክለውለት ነበር፤ የቀሩትን ሲመቸኝ አመጣለሁ ብሏል። ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ የመጣች አንዲት ገበሬ በቆሎ እየሸጠችለት ነበር። አያቴ ድንጋዮቹን ከሩቅ ያውቃሉ፤ አዲስ የተሞላ እርሳስ ያበራል። ደምሴ የሴትዮዋን በቆሎ በተስተካከለው፣ በከባዱ ኪሎ መዝኖ ተቀበላት። ሴትዮዋ በሽያጩ አንድ ኪሎ ስኳር ጠየቀችው። ደምሴ ከባዱን ድንጋይ ወደ ጎን አደረገና ከባንኮው ሥር ሌላ አወጣ። የዚያኛው እርሳስ ጥቁር ነበር። እንደ ልማዱ ጥቂት ፍሬ አንስቶ፣ መልሶ፣ ምላሱን ቀጥ አድርጎ መዘነላት።

አያቴ ሴትዮዋ እስክትሄድ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱን ድንጋዮች ገልብጠው ባንኮው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የተናገሩትን አልሰማሁም፤ በዝቅተኛ ድምፅ ነበር። የደምሴን መልስ ግን ሰምቻለሁ። ጩኸት አልነበረበትም።

«ጋሽ እንደሻው፣ ሁለቱም ላይ ማኅተምዎ አለ። የትኛው ነው ውሸት?»

ወደ ቤት ስንመለስ በየመታጠፊያው ግንብ ተደግፈው ያርፉ ነበር። ፈላና በር ስንደርስ ቆሙ። ገበሬዋ እህሏን የምትሸጠውም ስኳሯን የምትገዛውም በዚያው ቀላል ድንጋይ በነበረበት ጊዜ፣ አንዱ ላይ ያገኘችውን ሌላው ላይ ታጣለች፤ ገበያው ቢያዘምም ሁሉም አብሮ ነበር ያዘመመው አሉ። አሁን ግን በከባዱ የሚቀበል፣ በቀላሉ የሚሰጥ ሰው ሊኖር ቻለ። ይህን የቻለው እሳቸው ስላረሙ ነው። ለሃምሳ ሁለት ዓመት ሳያውቁ ያደረጉት ስህተት ነበር፤ በአራት ወር አውቀው ያደረጉት ለሌባ በር ከፈተ።

በሰኔ ወር አያቴ ያደረጉትን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሆኗል። ሁሉንም ማስተካከል ካልቻሉ ሁሉንም ወደ ነበሩበት ለመመለስ ወሰኑ። መሰርሰሪያቸውን ይዘው ያስተካከሏቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ እየዞሩ ለመኑ፤ ትክክለኛ ከሆነው ኪሎ አሥራ አራት ግራም እየሰረሰሩ አወጡ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንቢ ብለው አሥራ ዘጠኝ ቀን የታሰሩ ሰው ናቸው። ነጋዴዎቹ ግራ ገባቸው። አንዳንዱ ሽማግሌው ጃጁ ብሎ ሰጣቸው። ፍርፋሪው ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ።

ዋፊቃ አልሰጠችም። ኪሎዋን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

«አው እንደሻው፣ ሐቄን ሰጥተውኛል። ወላሂ አሁን ከነሱኝ እርስዎንም እኔንም አላህ አንድ ላይ ነው የሚጠይቀን።»

እንደዚህ አሥራ ዘጠኙን አቀለሉ፤ ሃያ አራቱ ትክክል እንደሆኑ ቀሩ። በሐምሌ መጀመሪያ እግራቸው ከዳቸው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ። አልጋ ላይ ሆነው የቀኝ አውራ ጣታቸውን በግራ መዳፋቸው ላይ እያዞሩ ያሹ ነበር፤ መጀመሪያ ጎኗን፣ ቀጥሎ ሥሯን፣ በመጨረሻ አናቷን። ሴት አያቴ እጃቸውን ሲይዙላቸው ያቆማሉ፤ ሲለቁ ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሣጥኗን አምጪልኝ አሉኝ። ከፈትኩላቸው። ናሷ ጠቁራለች፤ ሥሯ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጥቶባታል። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ዮዲ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ልጨምር ወይስ ልቀንስ?»

ለአንድ ድንጋይ መልሱን አውቀዋለሁ። ለአራት መቶው ግን አላውቅም ነበር። ልዋሻቸውም አልቻልኩም። ትንሽ ይረፉና እናስብበታለን አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ነሐሴ 9 ቀን ጠዋት፣ ሎሚ በሚከፍሉበት ሰዓት፣ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ሰው ብዙ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ደምሴ ድንኳኑ መሀል ተነስቶ ስለ እሳቸው ተናገረ። የቀበሌውን ሱቅ፣ የሃምሳ ግራሙን ጥያቄ፣ የአሥራ ዘጠኙን ቀን እስር አንድ ነገር ሳያጎድል አወራ። እንደ ጋሽ እንደሻው ያለ ሰው ለዚህ ገበያ አይተካም ሲል ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሴት አያቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ የወንበሩን እግር እያየሁ ተቀመጥኩ። ተነስቼ የቀረውን ልናገር ብችል ኖሮ የዚያን ቀን ነበር የምናገረው፤ አልተናገርኩም።

ዋፊቃ ከቅመም ሻጮቹ ጋር መጥታ ከሴት አያቴ ጎን ተቀመጠች። ስትሄድ እስከ በሩ ሸኘኋት። የበርሜሉ ብረት አሁንም አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። ማኅተሙስ? እሱም አለ።

በአርባቸው ማግስት እሷ ራሷ መጣች። ከአንድ ሱቅ ወደ አንድ ሱቅ ዞረን እያንዳንዱን ድንጋይ ከበርሜሉ ብረት ጋር እንመዝን አለች። እርሳስ ማቅለጥ አንችልም፤ መለየት ግን እንችላለን። ትክክለኛው ላይ ከ«እ»ዋ ሥር አንድ ጭረት እንምታበት፤ ገዢው ገልብጦ ይይ አለች። አያቴ ያልፈለጉት ይህንኑ ነበር። እሳቸው በሕይወት እያሉ ልነግራቸው ሞክሬ የተውኩትን ጭረቱ ለገበያው ሁሉ ይነግራል። ሴት አያቴን ጠየቅኳቸው። ወደ ጓሮ ሄደው ብረቱን ከበርሜሉ ክዳን አነሱ፤ በቦታው ድንጋይ ጫኑበትና ብረቱን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

የወተት ቆርቆሮው ከአልጋው ሥር ነው። እርሳሱ ከአፉ ሁለት ጣት ተኩል ያህል ነው የጎደለው።

ነገ ቅዳሜ ነው። በአንድ ሰዓት ከዋፊቃ መደብ እንጀምራለን። ደምሴ ድንጋዮቹን ለማንም እንደማያሳይ ከወዲሁ መልእክት ልኮብናል።